ሽቅብ የቀዘፈው

እህቴ ሌቲስ ሚንጎን ያወቀችው ወንዝ ውስጥ ወድቃ ነው።

የምርጫ ቀን ነበር። ጌታችን ኮሎኔል ፌንዊክ ለቨርጂኒያ ምክር ቤት ሲወዳደር እንደ ልማዱ መራጮቹን በሮም አረቄና በተጠበሰ አሳማ ሊያንበሸብሻቸው ደግሶ ነበር። ሌቲስ ትልቁን የቻይና ጎድጓዳ ሳህን ታቅፋ ከጀልባ ስትወርድ ሳንቃው አዳለጣት። በዚያ ሰሞን ከወንዙ ታችኛው አገር ተገዝቶ የመጣ አንድ ረጅም ቀዛፊ እጁን ዘረጋ። ሳህኑን ያዘ፤ እሷን ለቀቃት።

«ዕቃ ይዘህ ሰው ትለቃለህ?» አለችው፣ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ቆማ።

«ሳህኑ ቢሰበር የምትገረፊው አንቺ ነሽ። ቀሚስሽ ግን ይደርቃል።»

እሱ ሳህኑን መሬት አስቀምጦ ጎትቶ አወጣት። ከወጣች በኋላም እጇን ቶሎ አልለቀቀም፤ እሷም ልቀቀኝ አላለችም። እኔ ማንኪያዎቹን ተሸክሜ ከኋላቸው ነበርኩና ሳቄ አመለጠኝ።

ሮዲ እባላለሁ። ያኔ ገና ትንሽ ልጃገረድ ነበርኩ፤ ሌቲስ ደግሞ ለዓቅመ ሔዋን የደረሰች ቆንጆ። እናታችን አንድ ናት። የእኔ አባት ትንባሆ ማሳ ላይ ወድቆ የሞተ ባሪያ ነው፤ የእሷ አባት ኮሎኔሉ ነው። ይህን በግቢው የማያውቅ አልነበረም፤ የሚናገረውም አልነበረም። ሌቲስ የኮሎኔሉን ልጅ የጁዲትን ፀጉር ስትሠራ፣ መስተዋቱ ውስጥ አንድ ዓይነት ግንባር ያላቸው ሁለት እህትማማቾች ይታዩ ነበር። አንዷ ተቀምጣ፣ ሌላዋ ቆማ።

ከዚያ በኋላ ሚንጎ እሑድ እሑድ ከደጃችን አይጠፋም። ኮሎኔሉ ወደ ምክር ቤቱ ሲጓዝ ንግግሩን ጀልባው ላይ ይለማመድ ስለነበር፣ ሚንጎ በርሜል ላይ ወጥቶ ሆዱን እየነፋ ያስመስለው ነበር።

«ክቡራን ሆይ! ንጉሡ ሳንፈቅድለት ግብር ከጫነብን፣ እኛ ምንድን ነን? ባሮች! እኛ ደግሞ ባሮች አንሆንም!»

«እናንተስ ምን አላችሁ?» ትለዋለች ሌቲስ፣ እንባዋ እስኪወርድ እየሳቀች።

«ምን እንላለን? ቀዘፍን። አጎቴ ኢሽማኤልን ብቻ አስነጠሰው።» ኢሽማኤል ሁላችንም አጎቴ የምንለው ሽማግሌ ቀዛፊ ነበር።

አንድ እሑድ ሳቁ ሲበርድ ከበርሜሉ ወርዶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ካህን አይባርከንም፤ ሕግ አያውቀንም። ሚስቴ ነሽ ብል ማን ይሰማኛል?»

«እኔ እሰማለሁ» አለችው ዓይኗን ሳትነቅል። «እኔ አልበቃህም?»

እንዲህ ተጋቡ። አጎቴ ኢሽማኤል መረቃቸው፤ የበቆሎ ቂጣ ቆርሰን በላን።

በዓመቱ ኮሎኔሉ አፈ ጉባኤ መሆን አማረው። ለዚህ የላይኛው አገር ሰዎች ድምፅ ያስፈልገው ነበር፤ እነሱን በእጁ የያዘው ደግሞ ራልፍ ካርዊ የሚባል ሚስቱ የሞተችበት ባለርስት ነው። መንደሩ ወንዙ ላይ ጀልባ ከማያሳልፈው ፏፏቴ ወዲያ፣ ከሰማያዊዎቹ ተራሮች ግርጌ ነው። ኮሎኔሉ ጁዲትን ሊድርለት ተስማማ። ይህንንም የነገራት እራት ላይ፣ በእንግዳ ፊት ነው።

«ሌቲስም አብራት ትሄዳለች» አለ ብርጭቆውን አንስቶ። «የሠርግ ስጦታዬ ናት።»

ሌቲስ በዚያ ሰዓት ከጀርባው ቆማ ወይን ትቀዳ ነበር። ጠብታ አላፈሰሰችም።

በማግሥቱ ጁዲትን ስታበጥር ለመነቻት። «እሜቴ፣ ሚንጎም ከእኔ ጋር እንዲሄድ አባትዎን ይጠይቁልኝ። እርስዎን እምቢ አይሉም።»

«እኔን?» ጁዲት መራራ ሳቅ ሳቀች። «ለዚያ ሽማግሌ ሲሰጡኝ ጠይቀውኛል? ምክር ቤቱ ሊሰበሰብ ነው፤ ዋና ቀዛፊያቸውን አይለቁም። አልችልም ሌቲስ። ሁለተኛ አትጠይቂኝ።» ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሌቲስ የቀራት አንድ በር ብቻ ነበር። ኮሎኔሉ ከቁርስ በኋላ በፖም ዛፎቹ መካከል ሲንሸራሸር ጠብቃ ቆመችበት። እኔ ከዛፎቹ ሥር የወደቀ ፖም እለቅም ነበር፤ እነሱ አላዩኝም።

«ጌታዬ» አለች፣ «እናቴ ልትሞት ስትል፣ ‹ከዚያ ሰውዬ በዕድሜሽ አንድ ነገር መጠየቅ ትችያለሽ፤ ሁለተኛ የለም፤ በከንቱ እንዳታጠፊው› ብላኛለች። ዛሬ ልጠይቅዎት ነው።»

ኮሎኔሉ እንግዶቹ ወደተቀመጡበት በረንዳ ገልመጥ አለ። «ድምፅሽን ቀንሺ።»

«ሚንጎን አይለዩኝ። ወይ እሱ ከእኔ ይሂድ፤ ወይ እኔ ከእሱ ልቅር።»

ፊቷን ትክ ብሎ ሲያያት ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። የራሱን ግንባር እያየ መሆኑ የገባው ይመስለኛል፤ ቶሎ ዓይኑን ሰበረ።

«ጨካኝ ሰው አይደለሁም» አለ በመጨረሻ። «ቅሪ። ጁዲት ግን ያለ ደንገጡር አትሄድም። ታናሽ እህትሽ ደርሳለች፤ እሷ ትሂድ።»

እውነት ደግ የሠራ መስሎታል። ምስጋናዋን ቆሞ ጠበቀ።

ሌቲስ ጉልበቷን ሰበር አድርጋ፣ «እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ። እኔው እሄዳለሁ» አለች።

እሱ ራቅ ሲል ፖሙን በትኜ እግሯ ላይ ተጠመጠምኩ። «እትዬ፣ እኔ ልሂድ! ፀጉር መሥራት እችላለሁ!»

«አትችዪም፤ ትጎትቻለሽ» አለችኝ። ከእግሯ ላይ አነሣችኝ። «የዚያን ቤት ወንዶች አናውቃቸውም ሮዲ። አንድ ፍሬ ልጅ ሰድጄ እዚህ ከባሌ ጋር እንቅልፍ ይወስደኛል? በቃ፣ ዝም በዪ።»

ሚንጎ ጀልባውን ሬንጅ እየቀባ ነበር የደረስንበት። ስትነግረው ብሩሹ ከእጁ ወደቀ።

«ዛሬውኑ እንጥፋ።»

«ብንጠፋስ? በእኔ ምትክ እሷን ነው የሚልኳት።»

«ሦስታችንም እንሂድ።»

«በአዳኝ ውሾቻቸው ፊት? ይህች ልጅ ስንት እርምጃ ትሮጣለች?»

ሚንጎ ወንዙን አየ፤ ጫካውን አየ፤ እኔን አየኝ። በየትኛውም በኩል መውጫ አልነበረም። ፊቷን ሊዳስስ እጁን አንሥቶ መልሶ ሰበሰበው።

«ሬንጅ ነው፤ አበላሽሻለሁ።»

«ይበላሽ» አለችና ሁለቱንም እጆቹን ይዛ ደረቷ ላይ አደረገቻቸው።

ሙሽራይቱን እስከ ፏፏቴው የሚያደርሰው የኮሎኔሉ ጀልባ ነበር። የጀልባው ዋና ቀዛፊ ደግሞ ሚንጎ። ሚስቱን በገዛ ክንዱ ወሰዳት። የመንገዱን ነገር ያጫወተኝ አጎቴ ኢሽማኤል ነው። ማንም ለማንም ምንም ሳይል፣ ቀዛፊዎቹ ሁሉ ክንዳቸውን አላልተው ቀዘፉ፤ ጀልባዋ እንደ ኤሊ ተንፏቀቀች።

«ምን ነካችሁ ዛሬ?» ብሎ ኮሎኔሉ ጮኸ።

«ወንዙ ከብዷል ጌታዬ» አለ አጎቴ ኢሽማኤል።

ሚንጎ ፊቱ ወደ እሷ፣ የእሷም ወደ እሱ ነበር። በሰው ሁሉ መካከል፣ እንዲሁ ሲተያዩ ዋሉ። ፏፏቴው ዘንድ የካርዊ ሠረገላ ቆሞ ጠበቃቸው። ሚንጎ ጓዟን ሲያቀብላት ያለችው ሁለት ቃል ብቻ ነው።

«ሮዲን አደራ።»

አደራውን በላ የሚለው የለም። ዋና አስተማረኝ፤ ከያዘው ዓሣ ሳያካፍለኝ አይበላም። አንድ የትንባሆ ተቆጣጣሪ ሊያስቸግረኝ ሲጀምር፣ ሚንጎ ምን እንዳለው አላውቅም፣ ሰውዬው ሁለተኛ በእኛ በኩል አላለፈም። ሽማግሌዎቹ «አግባ እንጂ፤ እስከ መቼ?» ሲሉት፣ «ሚስት አለኝ፤ ቤቷ ራቅ ይላል እንጂ» ይላቸው ነበር። ኮሎኔሉም አፈ ጉባኤ ሳይሆን ቀረ። የካርዊ ወዳጆች ድምፃቸውን ለሌላ ሰጡ።

ዓመታት አለፉ፤ አደግሁ፤ ባል አገባሁ። ከዚያ ጌቶቹ ከባሕር ማዶ በሚገዛቸው ንጉሥ ላይ ሸፈቱ። የንጉሡም አገረ ገዢ ከመርከቡ ላይ ሆኖ፣ ከሸፈቱት ጌቶች አምልጦ ለእሱ መሣሪያ የሚያነሣ ባሪያ ነፃ ነው ብሎ አሳወጀ። መርከቦቹ ከወንዙ አፍ ነበሩ። የኛ ሰዎች ባገኙት ታንኳ ሁሉ ቁልቁል ጠፉ፤ ኮሎኔሉም ከታች በኩል ወንዙን በጠመንጃ አስጠበቀ።

አንድ ጭጋጋማ ማለዳ ሚንጎ ልብስ ወደማጥብበት መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ እንደ እንግዳ ቆመ።

«ሮዲ፣ አሁን ባል አለሽ። ክንድሽም ጠንክሯል።»

«አዎ፤ ምነው?»

«አደራ ተቀብዬ ነበር። ካለቀ ልቀቂኝ።»

ገባኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ። «መርከቦቹ ጋ ልትሄድ ነው? ቁልቁል ነፃነት አለ ይላሉ።»

«ይኖር ይሆናል።»

«ታዲያስ?»

«ሌቲስ ሽቅብ ናት» አለኝ።

ጠባቂዎቹ ሁሉ ወደ ታች ያያሉ። ነፃነትን በጀርባው ጥሎ ወደ ባርነቱ ሆድ ዕቃ የሚቀዝፍ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

«ለቅቄሃለሁ ወንድሜ» አልኩት። ጭጋጉ ዋጠው።

የሄደበትን ታንኳ የኮሎኔሉ ሰዎች ፏፏቴው ዘንድ ዛፍ ላይ ታስሮ አገኙት። ኮሎኔሉ «ይህ ሰው አብዷል» ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ለገና ጁዲት አባቷን ልትጠይቅ መጣች። ያለ ደንገጡር ነበር የመጣችው፤ ፀጉሯን እንድፈታላት እኔን ጠሩኝ። ከጀርባዋ ቆሜ ፀጉሯን መፍታት ጀመርኩ።

«እህትሽ የለችም» አለችኝ በለሆሳስ። «ከአንድ ረጅም ሰው ጋር አጥሩን ተሻግረው ወደ ተራራው ሲወጡ በመስኮት አየኋቸው። እጇን ይዞ ነበር። ባሌ ከጎኔ ባለው ክፍል ውስጥ ነበር፤ አንዴ ብጮህ ይበቃ ነበር።»

«ታዲያ ጮኹ እሜቴ?»

መስተዋቱ ውስጥ ዓይኖቿ ዓይኖቼን ፈለጉ።

«አልጮህኩም። አንድ ጊዜ ለምናኝ ከልክያታለሁ። ደግሞም...» በሩ መዘጋቱን አየች። «የእኔም እህት ናት።»

ይህን ከዚያ ቤት ሰው አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

በእኛ አገር ጠፍቶ የተያዘ ሰው ተደብቆ አይቀርም፤ ሌላው እንዲፈራ በሠረገላ አስረው በየመንደሩ ያሳዩታል። ከዚያ ክረምት ጀምሮ የሠረገላ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር፣ እጄ ላይ ያለውን ጥዬ ወደ መንገዱ እሮጥ ነበር። የታሰሩትን አንድ በአንድ፣ ፊት ፊታቸውን አያለሁ። ኮሎኔሉ ሞተ፤ ጦርነቱ አለቀ፤ እኔም አረጀሁ።

እስከ ዛሬ ከታሰሩት መካከል አላየኋቸውም። በዕድሜዬ ካየሁት መልካም ነገር ሁሉ ይህን አለማየቴ ይበልጥብኛል።