ርገጥ፣ ያዝ፣ ልቀቅ

የሂሳብ መምህሩ የሞተው በገዛ ግቢው፣ ከአባቱ በወረሳት አሮጌ መኪና ሥር ነው። የኋላ ቀኝ ጎማዋ ተፈትቶ አጥሩን ተደግፏል። እሱ በጀርባው ተንጋሎ እስከ ደረቱ ከሥሯ ገብቷል፤ መኪናዋም ከነክብደቷ ላዩ ላይ ተቀምጣለች። ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ አየት አደረገና «ክሪኩ ከድቶት ነው» ብሎ ነገሩን ሊቋጭ ነበር። መርማሪዋ ባትመጣ ኖሮ ይቋጨውም ነበር።

ይህችን ሴት ባልደረቦቿ «ጆሮ» ይሏታል። የምትሰማውን ከምታየው አስበልጣ ታምናለች ይባላል፤ ዓይኗም ቢሆን የዋዛ አይደለም። ሬሳው ከተነሳ በኋላ ክሪኩን አገላብጣ አየችው። አልተሰበረም፤ ክሪኩን ዝቅ የሚያደርገው ቫልቭ ግን ተከፍቷል። መኪናዋ ብትወርድ እንኳ እንዲይዛት ከሥር የሚደገፈው ግንድ ከቦታው ተገፍቶ አፈሩ ላይ መስመር አስምሯል። ጎማው ከተፈታበት ቦታ መፍቻው እንደተሰካ ቀርቷል፤ ከበታቹ የፍሬን ዘይት ያቆረ ጣሳ አለ።

«ምን ሲሠራ ነበር?» አለች።

«የፍሬን አየር ሲያስወጣ» የሚል ድምፅ መጣ። ጎረቤቱ መካኒክ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጓል። የጠራው ሰው አልነበረም።

«እንዴት ነው የሚወጣው?»

«አንዱ መሪው ጋ ተቀምጦ ፍሬን ይረግጣል፣ ረግጦ ይይዛል። ሌላው ከሥር ሆኖ ቡሎኗን ላላ ያደርጋታል፤ አየሩ ከዘይቱ ጋር ፊሽሽ ይላል። መልሶ ያጠብቅና ‹ልቀቅ› ይለዋል። እንዲህ እያሉ ነው።»

«ታዲያ ሁለት ሰው ይፈልጋላ!»

«ነበረ እንጂ ሰው! በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ‹ርገጥ፣ ርገጥ፣ ያዝ! ልቀቅ!› ሲል ነበር። ከዚያ የሆነ ነገር አጉተመተመና ሳቀ፤ ቃሉን አልለየሁትም። ወዲያው ጓ! ብሎ ጸጥ አለ። እኔ ጎማ የወረወረ መስሎኝ...»

«እንዲህ ጆሮዎን ጥለው የሚሰሙት ለምንድን ነው?»

መካኒኩ ቦርጩን አሻሸ። «እውነቱን ልንገርዎት? ቅናት ነው። ጋራዤ እዚሁ አጠገቡ ነው፤ ሰፈሩ ግን መኪናው ሲታመም በእኔ በር አልፎ እሱ ጋ ይሄዳል። እሱ ደግሞ በነፃ ይሠራላቸዋል! ሲሠራ ስህተት ቢሠራ ብዬ ነው የምሰማው። አንድም ቀን አልተሳሳተልኝም።»

«ርገጥ» ያለው ወንድን ነው፤ ይህ ለማንም ግልጽ ነው። ስለዚህ ፖሊሱ ወዲያው የሟችን ታናሽ ወንድም አመጣው። ቁመቱ ከበሩ ጉበን ጋር ስለሚተካከል ከልጅነቱ ጀምሮ «ምሰሶ» ነው የሚባለው። ከወንድሙ ጋር በዚህች መኪና ሰበብ ሲጨቃጨቅ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

«አዎ፣ ቀንቻለሁ» አለ ምሰሶ፣ ዓይኑ ቀልቶ። «አባባ መኪናዋን ለእሱ ሰጠ፣ ሙያውንም ለእሱ ሰጠ። እኔ ሠርጌ እየደረሰ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አውሰኝ ብለው ‹ገና አልተሠራችም› እያለ አንገላታኝ። ግን ወንድሜ ነው! እንዴት አድርጌ...»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ተኝቼ።»

«ማን አየህ?»

«ብቻውን የተኛን ሰው ማን ያየዋል?»

ፖሊሱ ካቴናውን ሲያወጣ መርማሪዋ በእጇ «ቆይ» አለችው። መቆየቱ ግን እስከ ማታ ብቻ ነበር። ሌላ ሰው ካልተገኘ ምሰሶ ከሠርጉ በፊት እስር ቤት ይገባል።

የሟች ሚስት ጓዳ ውስጥ ባዶ ዘንቢሏን ታቅፋ ተቀምጣለች። ከገበያ ስትመለስ ነው ያገኘችው።

«መኪናዋን አይወዷትም ነበር?» አለቻት መርማሪዋ።

«እኔ? ጣውንቴ ናት እኮ! ሌላ ሴት ብትሆንብኝ ኖሮ አንድ ቀን አርጅታ ትተውልኝ ነበር። ይቺ ግን ካረጀች በኋላ ነው የባሰባት። እሷን ‹የኔ ቆንጆ፣ ምን ሆነሽ ነው› እያለ ያባብላታል፤ እኔን ‹አንቺ ሴት፣ ሳሙና አምጪ›።» ሳቅ ሊያመልጣት ሲል እንባዋ ቀደመ። «ደግሞ እኮ ልገላገላት ነበር። ለምሰሶ ለሠርጉ ሊሰጠው ወስኖ ነበር። ‹ፍሬኗን ሳልጨርስ እንዳትነግሪው› አለኝ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።»

መርማሪዋ ወደ ሳሎን ስታመራ ከውስጥ የአሮጊት ድምፅ ሰማች። «ና፣ ውሃ ጠጣ። አይዞህ የኔ ልጅ፣ ራስህን አትጉዳ።» ምሰሶ መቼ ገባ ብላ ገረማት። በሩን ስትከፍት ግን ውስጥ ያሉት አክስትየዋና የሟች እህት ብቻ ናቸው።

እህትየው ከምሰሶ በፊት የተወለደች፣ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ሴት ናት። ከወንድሞቿ አጠገብ ስትቆም ትከሻቸው ጋ እንኳ አትደርስም።

«ወንድምሽ መኪና ሲሠራ ታግዢው ነበር?»

«እኔ?» አለች እህትየው። ከንፈሯ ወደ አንድ ጎን ተሳበ። «እኔ ሴት ነኝ እኮ። ምን አውቄ?»

አክስትየዋ ቀና ብላ አየቻትና መልሳ አቀረቀረች።  መርማሪዋ ግቢ ወጣችና የመኪናዋን የፊት በር ከፍታ ለረጅም ጊዜ የሾፌሩን ወንበር ስታየው ቆየች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም መኪናዋ ጋ ሰበሰበቻቸው። መኪናዋ በግንድ በደንብ ተደግፋ ቆማለች።

«ጠዋት እዚህች ወንበር ላይ አንድ ሰው ተቀምጦ ፍሬን ሲረግጥ ነበር» አለች። «ወንበሩን ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። እስቲ ምሰሶ፣ ግባ።»

ምሰሶ ታጥፎ ሊገባ ሞከረ። ጉልበቱ መሪው ላይ ተሰነቀረ፤ ፔዳሉን ሊረግጥ ቀርቶ እግሩን አስገብቶ መጨረስ አቃተው።

«እርስዎስ?» አለች ወደ መካኒኩ ዞራ።

የመካኒኩ ቦርጭ ከእሱ ቀድሞ መሪው ጋ ደረሰ። ጥሩምባው ጮኸ። በሌላ ቀን ቢሆን ይሳቅ ነበር።

«አያችሁ፣ ወንበሩ እስከ ጥጉ ወደ ፊት ተስቧል። ሟች እንደ ምሰሶ ረጅም ነበር፤ ለራሱ እንዲህ አያስጠጋውም። የረገጠው ሰው አጭር ነው። ከመካከላችሁ አጭር የሆኑት ሁለት ሴቶች ብቻ ናቸው፤ ሚስቱና እህቱ።»

ሚስትየው ደነገጠች። «‹ርገጥ› ነው እኮ ያለው! ሴት ብትሆን ‹ርገጪ› አይላትም?»

«እርስዎን ነጻ የሚያወጣዎትም እሱ ነው። እርስዎን ‹አንቺ› ነው የሚልዎት፤ ራስዎ ነግረውኛል። ስለዚህ ወንበሩ ወንዶቹን አወጣ፤ ቃሉ ደግሞ ሚስትን አወጣ። እኔ የምፈልገው እዚህ ቤት ‹አንተ› የምትባል ሴት ነበር።» ወደ አክስትየዋ ዞረች። «ዛሬ ‹ና ውሃ ጠጣ› ያሉት ማንን ነው?»

አክስትየዋ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «አባቷ ነው ያስለመደን። ከሕፃንነቷ ከመኪናው ሥር አትወጣም ነበር፤ በወንድ ሲጠራት ሁላችንም ተከተልን። ክፋት የለውም፤ ፍቅር ነው...»

«ፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። ያልገባኝ አንድ ነገር ነበር፤ ምን ቢላት ነው ይህን ያደረገችው? ከዚያ ሚስቱ የነገረችኝን አሰብኩት። መኪናዋን ለምሰሶ ሊሰጥ ነበር። የፍሬኑ ሥራ እያለቀ ሲሄድ ምስጢሩን ለረዳቱ ሳይነግራት አልቀረም።»

«ለእኔ?» አለ ምሰሶ። «ለእኔ ሊሰጠኝ?» መሬት ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ።

ሁሉም እህትየውን አዩ። እሷ የምታየው መኪናዋን ነበር። ስትናገር ድምጿ አልተንቀጠቀጠም።

«አባባ እጄን በናፍጣ እያጠበ ‹አንተ ልጅ፣ ከወንድምህ ትበልጣለህ› ይለኝ ነበር። ሞተሯን መጀመሪያ የፈታሁት እኔ ነኝ። ሲሞት ግን ለእሱ ሰጠ። ዝም አልኩ፤ እሳት እየበላኝ ዝም አልኩ። በእረፍት ቀኔ እየመጣሁ ፔዳል ረገጥኩለት። ዛሬ ከሥር ሆኖ ‹ለምሰሶ ልሰጣት ነው› አለኝ። ‹እኔስ?› አልኩት። ሳቀ። ምን አለኝ መሰላችሁ? ‹አንተማ ሴት ነህ፤ መኪና ምን ያደርግልሃል?›»

እጇን የመኪናዋ ጣራ ላይ አሳረፈች።

«ወረድኩ። ግንዱን በእግሬ ገፋሁት። ቫልቩን...» አልጨረሰችውም። «ቀና ብሎ አይቶኝ ቢሆን ኖሮ አላደርገውም ነበር።»

ፖሊሱ ክንዷን ሲይዝ አልታገለችም። ምሰሶ ግን ተነስቶ መንገዱ ላይ ቆመ። ሊመታትም ሊያቅፋትም የፈለገ ይመስላል፤ ከሁለቱ አንዱንም ማድረግ አቃተው። እጁ ላይ የመኪናዋ ቁልፍ ነበር፤ ሚስትየው መቼ እንዳስጨበጠችው አላስተዋለም።

እህቱ ቁልፉን አየችው፤ ዓይኗ ላይ ያ የቆየ ቅናት ብልጭ ብሎ ጠፋ።

«የኋላ ቀኙ አየር አልወጣለትም» አለችው። «ሳይጨርሱልህ እንዳትነዳት። ፍሬን አትይዝልህም።»