ጡት ያልጣለው ወይን

«ነይ እስቲ ድምቡሼ፣ ይሄን ቅጠል እዪው» አለች አክስቷ፣ የወይኑን ቅጠል ገልብጣ። «አንዲት ነጭ ነጥብ የለበትም። ወተቱ ሠራ ማለት ነው።»

ድምቡሼ የተባለችው ሕፃን ሳለች ነው፤ አሁን በአሥራ አራት ዓመቷ እንደ ሸምበቆ ቀጥና እንኳ ስሙ አልለቀቃትም። ቅጠሉን አየችው። እውነትም ንጹሕ ነው።

አክስቷ ወይን ጠማቂ ናት። ማሳዋ ኬሚካል አያውቅም፤ ሻጋታ ሲመጣ ወተት በውሃ አቅጥና ትረጫለች። ጭማቂውን እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ በተቀበረ ጋን ታኖረዋለች እንጂ እርሾ የሚባል ነገር አትጨምርበትም። «እርሾው ልጣጩ ላይ አለ፤ እኛ ካልገደልነው ሥራውን ያውቃል» ትላለች። ጎረቤቶቿ ግን «የእሷ ወይን ገና ጡት አልጣለም» እያሉ ይስቁባታል።

ባለፈው ወር የታመመች ጓደኛዋን ልታስታምም ስትሄድ ርጭቱን ለድምቡሼ አደራ ሰጥታ ነበር። ፈተና ደረሰና ድምቡሼ ዳር ያሉትን ረድፎች ሁለቴ ዘለለቻቸው። ስትመለስባቸው ዱቄት የተነሰነሰባቸው መስለው ጠበቋት። የክፍል ጓደኛዋ ከአባቱ መጋዘን የሻጋታ መድኃኒት በጠርሙስ ቀድቶ አመጣላት። «አታካብጂ፣ ማንም አይነቃብሽም» አላት። ረጨችው። ሻጋታው ጠፋ፤ የእሷም እንቅልፍ አብሮ ጠፋ።

አሁን ከወዲያኛው ማሳ የመጣችው ጎረቤት እስክሪብቶ አውጥታ መዳፏ ላይ ልትጽፍ ተዘጋጅታለች። «ስቄብሽ ነበር፣ ይቅር በይኝ» አለች። «የእኔም ወይን ሻጋታ ጀምሮታል። ለስንት ኩባያ ውሃ ስንት ወተት ነው?»

«ለዘጠኝ አንድ» አለች አክስት፣ ፊቷ በርቶ። «እነዚህን ዳር ያሉትን እዪልኝ። ነገ ለቀማውን ከእነሱ ነው የምንጀምረው።»

ድምቡሼ አክስቷን እንዲህ ደስ ብሏት አይታት አታውቅም። ዝም ብትል ዛሬ ማንም አይጎዳም። ነገ ግን ፍሬው ከነመድኃኒቱ ጋን ውስጥ ይገባል፤ ሴትዮዋም በዚህ ቅጠል ተማምና ወይኗን ለወተት ብቻ ትተወዋለች።

«አክስቴ፣ እነዚህን ያዳናቸው ወተት አይደለም» አለች፤ ሁሉንም ተናገረች።

ጎረቤቷ እስክሪብቶዋን ከደነች። አክስት የያዘችውን ቅጠል ለቀቀች።

«ስንት ረድፍ?»

«አራት።»

«ሌላውስ?»

«ሌላው ወተት ብቻ ነው። እውነቴን ነው።»

«ነይ፣ እንግዲያው መሃሉን እንይ» አለች አክስት ለጎረቤቷ። ድምቡሼን ቀና ብላ ሳታያት አልፋት ሄደች።

ድምቡሼ ከዕቃ ማስቀመጫው ቀይ ሲባጎ አመጣች። ነገ ለቃሚዎቹ እንዳይሳሳቱ በአራቱም ረድፎች የመጀመሪያ እንጨት ላይ አሰረች። አምስተኛው ጋ ስትደርስ ቆመች። መድኃኒቱን የረጨችበት ቀን ነፋስ ነበር።

አምስተኛውንም አሰረችው፤ ከዚያ ልትነግራቸው ወደ መሃል ሄደች።