ከሏን የበላው ሻጋታ

«ትርንጎ ከሏን አወለቀች! ልጇን ከቀበረች ገና አራት ወሯ!» ብላ በአጥር በኩል የነገረችኝ ጎረቤቴ አስካል ናት። እኔ ደግሞ ሆዴ ወሬ አይችል። እውነቱን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው፣ ከትርንጎ ጓደኛ ከዙፋን።

ትርንጎ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጓሮ ነው የምትሠራው፣ የማቅለሚያ ቤቱ ቆሻሻ ውሃ በሚጣራበት ገንዳ። ጠዋት ጠዋት ገንዳው ውስጥ ለሚያድገው ሻጋታ ምግቡን ገለባ ትበትንለታለች። ሻጋታው ነጭ ነው፣ እንደ ባዘቶ የለሰለሰ፤ ምራቁን ይተፋና ቀይ ሰማያዊ ብሎ የመጣውን ውሃ ቀለሙን በልቶ ጥርት አድርጎ ይለቀዋል። ምራቁን ኢንጂነሩ «ኢንዛይም» ይለዋል። «አይዞሽ እትዬ ትርንጎ፣ ቀለም እንጂ ሌላ አይነካም» ብሏታል።

ልጇ ብርዛፍም እዚያው ማቅለሚያ ቤት ነበረች። ስትሞት የቀረው የመታወቂያዋ ፎቶ ብቻ ነው። ትርንጎ ሙት ዓመቷ ሳይወጣ ጥቁሯን ላታወልቅ ማለች።

አንድ ሰሞን የቧንቧ ውሃ ጠፋ፤ ጥቁር ነጠላዋ ላብ ላብ ሲላት ከገንዳው በወጣው የጠራ ውሃ አጠበችው። ሲደርቅ ጫፉ ነጣ፣ ውሃ የቆየበት እንስራ እንስራ ሸተተ። ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፋ ለበሰችው። በማግስቱ ንጣቱ ትከሻዋ ደረሰ። ገበያ ወስዳ እንደገና ጥቁር አስነከረችው፤ ማታውን ነጭ ሆነ። ጆሮዋን ስታስጠጋ ከውስጡ በጣም ቀስ ያለ ድምፅ ይሰማታል፣ በግ ርጥብ ሣር ስትነጭ ዓይነት፣ አንዴም የማያቋርጥ።

እንደ ልማዷ የፎቶውን አቧራ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግ ነበር። መጀመሪያ የልጅቷ ፀጉር ሸበተ። ቀጥሎ ቅንድቧ ጠፋ። ቅዳሜ ጠዋት ብታየው ባዶ ወረቀት ነው። ያን ቀን ትርንጎ ስታለቅስ፣ እንባዋን በዚያው ነጠላ ስትጠርግ ዋለች።

እሑድ የእድሩ ሴቶች ሊወቅሷት መጡ። ትርንጎ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀምጣለች።

«ሐዘንተኛ በነጭ? ሠርግ አለብሽ እንዴ?» አለች አስካል፣ የነጠላውን ጫፍ በጣቷ እያሸች። ሌሎቹም ተቀባብለው አሹት፤ «አይ ልስላሴው!» ብለው ተሳሳቁ።

ትርንጎ ዞር ሳትል ወረቀቱን ወደ ኋላ ዘረጋችላቸው። «እባካችሁ፣ ብርዛፌ በየትኛው ፊት ነበረች? በዚህ ነው ወይስ በጀርባው?»

ሳቁ ቆመ። አብራቸው የመጣችው ዙፋን የጓደኛዋን አገጭ ይዛ ፊቷን ቀስ አድርጋ አዞረችው። የዓይኖቿ ብሌን የለም፤ ሁለቱም እንደ ተላጠ እንቁላል ነጭ ናቸው።

ሴቶቹ «ወይኔ እህቴ!» ብለው ዋይታውን አቀለጡት፣ እንባቸውንም በመዳፋቸው ያብሱ ጀመር።

ዙፋን ጮኸች፦ «እጃችሁን ከዓይናችሁ አውርዱ! ነጠላዋን ያሻችሁበት እጅ አይደለም እንዴ?»