ለልጅቷ ምኗ ነዎት?

እንቅቡ እንደ ወትሮው በመስኮት በኩል መጣ። ዙበይዳ የሳሎኑን መስኮት ከፈተች፣ የትንሿን ልጅ የሐያትን እጅ ያዘች፣ ከሦስተኛ ፎቅ ተራምዳ ገባችበት። ደሴ መሬቱን ለእግረኛ ትታ መጓጓዣዋን ወደ ገመድ ካወጣች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ከገመዱ ለሚንጠለጠለው ክብ ሳጥን ድርጅቱ አንድ ትንፋሽ የሚጨርስ ስም አውጥቶለት ነበር፤ ሕዝቡ ግን እንቅብ አለው፣ እንቅብ ሆኖ ቀረ።

ሌላው ሰው እንቅብ የሚሳፈረው ጣቢያ ሄዶ ነው። የዘመድ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ግን ቤቱ ድረስ ይመጣለታል። የአሳዳጊዎች ድጋፍ ይባላል። ዙበይዳ ግን «ላም አለኝ በሰማይ» ነው የምትለው፤ አንዳንድ ቀን ጭራሽ ይቀራል፣ አንዳንድ ቀን የጎረቤት መስኮት ላይ ቆሞ ሲጮህ ያረፍዳል። ዛሬ በሰዓቱ ሲመጣ ደስ ከማለት ይልቅ ጠረጠረችው።

ዛሬ የሚቀለድበት ቀን አልነበረም። ጦሳ ተራራ አናት ላይ ባለው የዓይን ሕክምና ለሐያት ግራ ዓይን የሚሆን ብሌን አራት ወር ሙሉ በማሰሮ ፈሳሽ ውስጥ ሲበቅል ከርሞ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣል። ከወጣ በኋላ ዕድሜው አርባ ደቂቃ ነው። ሐያት እስከዚያ ካልደረሰች ይጣላል። ሌላ እስኪበቅል ደግሞ ዓይኑ እንደማይጠብቅ ሐኪሟ ሳትደብቅ ነግራታለች።

ከጦሳ በታች ካለው ገደል መሃል ሲደርሱ እንቅቡ ቆመ።

«ለልጅቷ ምኗ ነዎት?» አለ ከጣሪያው የሚወጣ ለስላሳ ድምፅ። «እባክዎ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ይመልሱ።»

ዙበይዳ ደነገጠች። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከዚህ በፊት ተጠይቃ አታውቅም። የሐያት እናት ለይላ፣ የዙበይዳ ታናሽ እህት ነበረች፤ ልጅቷ የስምንት ወር ሕፃን ሳለች ነው የሞተችው። በእነሱ ሰፈር የሟች ልጅ የሚያሳድግ ሰው «የእህቴ ልጅ ናት» አይልም። ካለ ልጅቷን ከጉያው እንዳወጣት ይቆጠርበታል። አድጋ ራሷ እስክትጠይቅ ድረስ ሆድ ይፍጀው ነው፤ ጎረቤቱም፣ ባለሱቁም፣ አስተማሪዋም አፋቸውን ዘግተው ስድስት ዓመት አብረው ኖረዋል። ዙበይዳ ለድጋፉ የተመዘገበች ዕለት እንኳ ሰው እስኪወጣ ጠብቃ ነው ለጸሐፊዋ በጆሮዋ የነገረቻት። ጸሐፊዋም ነገሩ ገብቷት ሳትናገር ጻፈችው።

«እናቷ ነኝ» አለች።

«ደም-አንባቢው አልተስማማም» አለ ድምፁ። ደም-አንባቢ የሚሉት፣ የያዙት እጀታ ውስጥ ተቀብሮ ከመዳፍ ላብ ዝምድናን የሚለይ መሣሪያ ነው። «መዝገቡም አልተስማማም። ለልጅቷ ምኗ ነዎት?»

«አሳዳጊዋ።»

«ይህ የዝምድና ስም አይደለም።»

የሐያትን ጆሮ በሁለት እጇ ደፈነችና አፏን ወደ ጣሪያው አስጠግታ በሹክሹክታ ልትነግረው ሞከረች።

«ድምፅዎ አይሰማም። የልጅቷም ጆሮ ተሸፍኗል፤ ልጅቷ መስማት ይኖርባታል።»

ወደ ሕክምናው ደወለች፤ እዚያም ያነሳው መሣሪያ ነበር፣ ተራዎ አርባ ሦስተኛ ነው ብሎ ዘፈን ከፈተላት። በመጨረሻ የእርዳታውን ቁልፍ በጡጫ መታችው።

«መቆጣጠሪያ ክፍል፣ ይመር ነኝ» አለ የሰለቸው የሽማግሌ ድምፅ።

«ወንድሜ፣ ይሄን ነገር ዝም አሰኝልኝ። ልጄ ዓይኗ ሊያመልጣት ነው።»

«አልችልም እህቴ። ዛሬ ጠዋት የተጫነ ደንብ ነው። የጎረቤት ልጅ እየያዙ በድጋፍ የሚሄዱ በዝተዋል ተብሎ ነው። አንዲት ቃል ናት፤ ይበሏትና ይለፉ።»

«አንዲት ቃል? ለአንተ አንዲት ቃል ናት።»

«ሁላችሁም እንዲህ ነው የምትሉኝ» አለ ይመር።

«ሁላችን እነማን ነን?»

«እርስዎን ጨምሮ ሁለት መቶ አስራ አንድ እንቅብ ገመድ ላይ ቆሟል። ሁሉም እናቱ ነኝ፣ አባቷ ነኝ ነው የሚሉት። መሣሪያው በአንዱም አልተሳሳተም። የሚዋሹት ሰዎቹ ናቸው።»

ዙበይዳ በመስታወቱ አየች። ገደሉ ላይ እንቅቦቹ ተሰልፈው ተንጠልጥለዋል። በቅርብ ባለው ውስጥ አንድ ሽበታም ሰው ከሁለት ሕፃናት ጋር ተቀምጦ ከጣሪያ ጋር ይጨቃጨቃል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። አሁን ግን ሁለት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ኩራቷን ይዛ የልጅቷን ዓይን ልታጣ አትችልም።

ተንበርክካ የሐያትን ጉንጭ ያዘች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው መመለሻ እንደሌለው ታውቃለች።

«አክስቷ ነኝ» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «የእናቷ የለይላ እህት ነኝ።»



«እናመሰግናለን። አሁን ልጅቷ ታረጋግጥ። ሐያት፣ ይህች ሴት ምንሽ ናት?»

ሐያት ወደ ጣሪያው ቀና ብላ በደህናው ዓይኗ ገረመመችው። «እናቴ» አለች።

«ምላሾቹ አልተገናኙም።»

«ሐያቴ፣ አክስቴ ናት በይው።»

«አልልም።»

«በይ እንጂ የኔ ልጅ። አንዴ ብቻ በይው፣ እንሂድ።»

ሐያት ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «እማ፣ አንቺ ፈርተሽው ነው የዋሸሽው አይደል? እኔ አልፈራውም።»

ዙበይዳ ጠዋቱን ሙሉ ከተናገረችው መሣሪያው የተቀበላት እውነት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም ሊሰማ የሚገባው ሰው አላመናትም። እናትነቷን ላለመካድ ስትጨቃጨቅ ቆይታ፣ አሁን ደግሞ ልጅቷን ካጂኝ እያለች ትለምናለች። እንባዋ መጣ፣ ንዴትም ነበረበት። «በይ እባክሽ» አለች። «አክስቴ በይኝ።»

«አልልም አልኩ» አለች ሐያት፣ በእግሯም ወለሉን መታች።

ይመር መስመሩን አልዘጋም ነበር። ከወዲያ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። «ኑ እስቲ ሁላችሁም» አለ ከአጠገቡ ላሉት። «ሞተሩን ከመሣሪያው ነጥላችሁ የእጅ መዘውሩን ያዙ። አዎ፣ ያንን የአደጋ ጊዜውን። ተፈራርቀን እናዞረዋለን። ከላይ ከጠየቁ፣ እኔ ነኝ ያዘዝኩት።»

እንቅቡ ነቅነቅ አለና ስንዝር በስንዝር ወደ ጦሳ መሳብ ጀመረ። ጎናቸው ያለው ሽበታም ሰውም ሕፃናቱን አቅፎ ተንቀሳቀሰ። ድምፁ ከጣሪያው «ለልጅቷ ምኗ ነዎት?» ይላል፤ የሚመልስለት የለም።

«በዚህ አካሄድ በሰዓቱ አንደርስም» አለች ዙበይዳ።

«ቆይ፣ ላናግራቸው» አለ ይመር። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ያለበት የላይኛው ጣቢያ ከሕክምናው ጋር የቀጥታ መስመር ነበረው። ከመዘውሩ የመጣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ሲናገር ሁለቱም ሰሙት። «የዓይን ክፍል ነው? ለሐያት የተዘጋጀውን ብሌን እንዳታወጡት፤ መንገድ ላይ ናት… ከማን ጋር? ከእናቷ ጋር ነዋ። መዝገቡ ሌላ ይላል? መዝገቡን ተይው፣ እኔ በጆሮዬ እየሰማኋቸው ነው። እናቷ ናት እያልኩሽ።»