ያልተደመጠ ስፌት

ያን ቀን ውጪው ሰባ ሁለት ዲግሪ ነበር፤ ለዳሎል ከተማ ሰው ቀዝቀዝ ያለ ቀን ማለት ነው። ከግድግዳው ማዶ አሲድ ያዘለ ጢስ ይንፎለፎላል፤ ከግድግዳው ወዲህ፣ በአዲሱ የቲማቲም ቤት ውስጥ፣ በያጆቹ በቲሸርት ሆነው ይቀላለዳሉ።

አንዳርጌ አሥራ አንድ ዓመት ከእነሱ አንዱ ነበር። በ«ብርሃን መርፌ»፣ ማለትም ብረትን ከብረት በጨረር በሚሰፋው መሣሪያ፣ የከተማዋን ግድግዳ ሲሰፋ ነው የኖረው። ዛሬ ግን የስፌት መርማሪ ሆኖ ተሹሞ፣ ነጭ ቱታ ለብሶ፣ መዳፍ የምታክል «አድማጭ» ይዞ መጣ። አድማጭ ግድግዳ ላይ ሲያስጠጓት የስፌቱን ድምፅ በክንድ አጥንት በኩል ወደ ጆሮ የምትልክ ናት። ደህና ስፌት ያንጎራጉራል፤ የታመመ ያቃስታል። ስፌቱን «ደህና ነው» ብሎ የሚያሳልፈው ግን መሣሪያዋን የሚጫነው የያዛት ሰው አውራ ጣት ነው። ሕጉ ነገሩን ለማሽን ብቻ አይተውም።

«መንገድ ልቀቁ፣ ጆሮ መጣ» አለ ክንፈ የሚባለው በያጅ። «ትናንት አብሮን ጢስ ሲቅም የነበረ ሰው፣ ዛሬ ቱታው እንዳይቆሽሽ በሩቁ ሰላም ሊለን ነው።»

«ያንተንማ ሳላዳምጥም አውቀዋለሁ። ስፌትህ እንደ አፍህ ክፍት ነው።»

ሳቁ። አንዳርጌም ቀለል አለው። የሦስት ሰው ስፌት አዳምጦ አራተኛው ጋ ሲደርስ ግን አድማጯን ዝቅ አደረጋት። ጋሽ ፈለቀ ነበሩ፤ መርፌ አያያዝ ያስተማሩት፣ የራሳቸውን ጓንት አውልቀው ያለበሱት ሰው።

«በል እንግዲህ፣ ሥራህን ሥራ» አሉት ፈቀቅ ብለው።

የሁሉም ዓይን እሱ ላይ ሆነ። ያስተማረን ሰው ሥራ በሰው ፊት በመሣሪያ መፈተሽ፣ አባትን ማዕድ ላይ «እጅዎን ታጥበዋል?» ብሎ እንደመጠየቅ ሆኖ ታየው።

«ምን ሲደረግ፣ ጋሼ። የእርስዎን ስፌት እኔ ላዳምጥ?» አለና አድማጯን ግድግዳው ላይ ሳያሳርፍ በአውራ ጣቱ ተጫናት፤ ስፌቱ አለፈ።

«የጨዋ ልጅ» አለ ክንፈ።

ጋሽ ፈለቀ ግን አልመረቁትም። መርፌያቸውን ወደ ማኅደሩ ለመክተት ሁለት ሦስቴ ስተው፣ አራተኛው ላይ ተሳክቶላቸው ሄዱ። በዚያ ወር ሌሎች አሥራ ሦስት ስፌቶቻቸውም እንዲሁ አለፉ።

ወሩ ሲያልቅ ያ የጋሽ ፈለቀ የቲማቲም ቤት ስፌት ተተረተረ። ጢሱ ገብቶ የአትክልተኛዋን የጽጌን ጉሮሮ አቃጠለው። ነፍሷ ተረፈች፤ ድምፅዋ ግን ሄደ።

የግንባታው ኃላፊ ኢንጂነር ሐቢባ አስጠራችው። «አዳምጠኸዋል?»

«አዎ። ደህና ነበር።»

ቃሉ ከአፉ ሳይታሰብ ሾለከ፤ ሊመልሰው ግን አልሞከረም። በማግስቱ አድማጮቹ ሁሉ ብልሹ ተብለው እንዲሰበሰቡ ታዘዘ። ጽጌን ሊጠይቃት ሲሄድ ሰሌዳዋ ላይ ጻፈችለት፦ «ስለመጣህ እግዜር ይስጥህ። አትዘን፤ መሣሪያዋ ናት እንጂ አንተ ምን አጠፋህ።»

ደህና ሁኚ እንኳ ሳይላት ወጣ። እግሩ የወሰደው ጋሽ ፈለቀ ቤት ነበር። አልጋቸው ጫፍ ላይ፣ እጃቸውን በጉልበታቸው መሀል አጣብቀው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ያን ስፌት አላዳመጥኩትም።»

«አውቃለሁ። አጠገብህ አልነበርኩም?» እጃቸውን ከጉልበታቸው መሀል አውጥተው አሳዩት። «ይህ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ከረመ። ካንተ በፊት አድማጭ የያዘው ሰው ስፌቴን ሁለቴ መለሰብኝ፤ ዕቃህ ነው የተበላሸው ብዬ ተጣላሁት። አንተ ስትሾም ደስ አለኝ። የኔው ልጅ ስፌቴ መበላሸቱን ከነገረኝ እሱን ሰበብ አድርጌ መርፌዬን አስቀምጣለሁ ብዬ ነበር። በራሴ አንደበት ልናገረው አፈርኩ።»

«እኔም አፈርኩ።»

«እንግዲህ የሁለታችንን ኀፍረት ጽጌ ዋጠችው።»

አንዳርጌ ከዚያ ወጥቶ በቀጥታ ሐቢባ ጋ ሄደ። «አላዳመጥኩትም። ዋሽቼዎታለሁ» አላት በቆመበት።

ሐቢባ ከወንበሯ ተነሣች። «እንዲህ ያለፉት ስንት ናቸው?»

«የተተረተረውን ጨምሮ አሥራ አራት።»

የክፍሎቹን ዝርዝር ከእሱ ተቀብላ በአሥራ ሦስቱም ያለ ሰው እንዲወጣ አዘዘች። «ቱታውን ነገ ትመልሳለህ» አለችው አድማጭ እያቀበለችው። «ዛሬ ግን ታዳምጣለህ። ስፌቶቹ በትክክል የት የት እንዳሉ የምታውቀው አንተ ነህ።»

ኮሪደሩ ልጆቻቸውን ባዘሉና ፍራሻቸውን በተሸከሙ ሰዎች ሞላ። ክንፈ በመካከላቸው ቆሟል፤ አይቀልድም። ጋሽ ፈለቀም መጥተው ነበር። አንዳርጌ አድማጯን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። ወዲያው በክንዱ አጥንት በኩል የማቃሰት ድምፅ ዘለቀው፤ ሰሞኑን ሁሉ ሰሚ አጥቶ የከረመ ድምፅ። መሣሪያዋ ይሉኝታ አታውቅም። ሕጉን ያወጡት ሰዎችም ለዚህ ነበር የሚያፍር ፍጡር ጣት ያስቀመጡባት፤ የሚያፍር አይዋሽም ብለው።

«ጋሼ» አለ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ይህ ተበላሽቷል።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ ቀጣዩን ስፌታቸውን ሊያሳዩት ቀድመውት ወደሚቀጥለው ክፍል መራመድ ጀመሩ።