የሦስተኛው አንቀጽ ባለቤት

በማርስ ኮሌጅ አዲስ የገባ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት መታወቂያ ይቀበላል፣ አልጋ ይይዛል፣ ከዚያ መላሽ ቆብ ያጠልቃል። በዚያ ዘመን ብዕር ሁሉ የጸሐፊውን ሕመምና ድካም አብሮ ይመዘግባል። ምንጭ ሳይጠቅስ የሰው ጽሑፍ የወሰደ ተማሪ ቆቡን ሲያደርግ ያንኑ ስሜት ይቀበላል፤ የባለቤቱ ስም ሲጠራ ይቆምለታል። አብዛኛውን ጊዜ የእጅ መዛል ነው፣ ቢበዛ የራስ ምታት። ቆቡን የምታጠልቅላቸው መምህርት ዶክተር እልፍነሽ ይህን ክፍለ ጊዜ ትወደው ነበር።

ዘንድሮ የተያዘው ኪያር ነው። ስለ አየር ራሽን ያቀረበው ድርሰት ከራሷ መጽሐፍ ቃል በቃል የተገለበጠ ነበር።

"ለምን ምንጭ አልጠቀስክም?"

"የእርስዎ አይደል እንዴ ዶክተር? የእርስዎኑ ለእርስዎ ምን ብዬ ልጥቀስ? እኛ ትምህርት ቤት እኮ አንደኛ የሚወጣው የመምህሩን ኖት አንዲት ቃል ሳይለቅ የመለሰ ነው።"

ክፍሉ ሳቀ። እሷም እየሳቀች ቆቡን አጠለቀችለት።

መጀመሪያ ጣቶቹን አፍታታ። ቆቡ ድርሰቱን ተከትሎ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ የልጁ ጭንቅላት ወደ ኋላ ተወረወረና ከወንበሩ ወደቀ። ቆቡ ስሜት እንጂ ቁስል አይሰጥም፤ የልጁ ጡንቻ ግን ምቱን አምኖ ገላውን መስበር ጀመረ። የጎድን አጥንቱ ሲሰበር ፊት የተቀመጡት ሰሙት።

"አውልቁለት!" አለች አንዷ ተማሪ።

"እንዳትነኩት! መሃል ላይ ከወለቀ ልቡ ይቆማል። ኪያር፣ የኔን ስም ጥራ!"

"ዶክተር እልፍነሽ!" ደም እየተፋ ጮኸ። "እልፍነሽ አባተ!"

ቆቡ አልቆመም።

ያኔ ገባት። ባለፈው ወር የድሮው ማዕድን ማውጫ የብዕሮች መዝገብ ቆቡ ላይ ተጭኗል። ያንን አንቀጽ የጻፈው ጥበቃዎች የደበደቡት አንድ የማዕድን ሠራተኛ ነው፤ ለዓለም አሰሚልኝ ብሎ የሰጣት ገና ጀማሪ ተመራማሪ ሳለች ነበር። በራሷ ስም አሳተመችው። ማዕረጓም ወንበሯም የመጣው ከዚያ ነው።

እግዜር ይቅር ይበላትና፣ አመነታች። ባመነታችበት ቅጽበት የልጁ ክንድ ወደ ኋላ ተጠምዝዞ ተሰበረ።

"ዳንጊሶ ሎዳሞ!" ብላ ጮኸች። "የዳንጊሶ ነው! እኔ ነኝ የሰረቅሁት!"

ቆቡ ቆመ። ሠላሳ ተማሪ ዓይኑን እሷ ላይ ተክሏል። ኪያር ፊቱን ከወለሉ ቀና አደረገ፤ ይሰድበኛል ብላ ጠበቀች፣ ቢሰድባትም በወደደች።

"ሰውየውስ?" አለ በተሰነጠቀ ከንፈሩ። "ኋላ ተረፈ?"

ዶክተር እልፍነሽ ያንን አንቀጽ ሃያ ሁለት ዓመት አስተምራዋለች፤ ይህን ግን ማንንም ጠይቃ አታውቅም ነበር።