መብራት ሲጠፋ የሚመጣው ሰው

መብራት ሲጠፋ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያማርራል። መሐንዲሱ ብቻ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ በደስታ ይነሣል። እግሩ ከቢሮው ሳይወጣ ልቡ መንገዱን ተሻግራ ታድራለች።

ከመንገዱ ማዶ የጌጥ ዓሣ የሚሸጥበት ጠባብ ሱቅ አለ። ባለቤቱ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ ሥራውን የምትሠራው ግን ሰፈሩ «የዓሣዎቹ እናት» የሚላት የወንድማቸው ልጅ ነች። መሐንዲሱ መጀመሪያ ያያት ከሩቅ አገር ተምሮ በተመለሰ ሰሞን፣ መብራት በጠፋበት አንድ ከሰዓት ነበር። ኮምፒውተሩ ሲጨልምበት ነፋስ ሊቀበል ወጣ። በመስታወቱ ውስጥ አንዲት ልጅ ከትልቁ ገንዳ በጆግ ውሃ እየቀዳች፣ ክንዷን ከፍ አድርጋ መልሳ እዚያው ገንዳ ውስጥ ስታንቆረቁር አየ።

«ይቅርታ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አላት በሩ ላይ ቆሞ።

«ትንፋሽ እየሰጠኋቸው። ፓምፑ ቆሟል። ውሃው ካልተንቀሳቀሰ አየር ያልቅባቸዋል።» ቀና ብላ አየችው። «እጅህ ሥራ ፈትቷል?»

ሁለተኛውን ጆግ አቀበለችው። ጎን ለጎን ቆመው ሲቀዱና ሲያንቆረቁሩ እጅጌው እስከ ክርኑ ራሰ። መብራቱ ሲመጣም ማንም ጆጉን ቶሎ አላስቀመጠም።

ከዚያ ወዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር ይመጣል። አክስቲቱ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው፣ «የሰው ልጅ ውሃ አጣጭ ይፈልጋል፤ እናንተ ውሃ አንቆርቋሪ ሆናችሁ ቀራችሁ» ይላሉ። እሷ አንገቷን ትደፋለች፤ እሱ ያልሰማ ይመስላል።

መብራቱ ረዘም ላለ ጊዜ በጠፋበት አንድ ቀን ሁለት ዓሣዎች ሞቱ። ልጅቷ በመዳፏ ይዛቸው ስትወጣ ስላየ፣ «መጠባበቂያ እሠራልሻለሁ» አላት። ባትሪና የባትሪውን ኃይል የሚቀይር ኢንቨርተር አምጥቶ ከገንዳው ሥር ተንበረከከ። እሷም አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«ማሞቂያውንና አምፖሉን ከዚህ ጋር አናገናኝም፤ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሱታል» አላት። «ፓምፑን ብቻ። መብራት ሲሄድ ባትሪው ራሱ ይቀበላል። ማንም መምጣት አያስፈልገውም።»

የገዛ ቃሉ ወጋው። እጁ ላይ የቀረችውን አንዲት ገመድ አገላብጦ አያት።

«ይቺ ቀጥናለች» አለ። «ወፍራም አመጣለሁ።»

ወፍራሙ ገመድ መጣ፤ ከመብራት ወደ ባትሪ ማቀያየሪያው ጎደለ ተባለ። ማቀያየሪያው ተገኘ፤ ባትሪው ይፈተሽ ተባለ። እሷ ሁልጊዜ «እሺ» ትላለች። ለምን እንደምትታገሠው ጠይቆ አያውቅም፤ መልሱን ፈርቶ ነው።

መብራት ሳይጠፋ የሚያልፉ ቀኖች ነበሩ የሚከብዱት። ሲመሽ ቤቱ ተጋድሞ አምፖሉን ሽቅብ እያየ፣ «ምን አለ ለዛሬ እንኳ ብትጠፊ» ይላል። በሱቁ በኩል ሲያልፍ ከመስታወቱ ጀርባ ቆማ ታየዋለች። የሚገባበት ሰበብ ስለሌለው እጁን አንሥቶ ብቻ ያልፋል። እሷም እጇን ታነሣለች፤ እሱ መንገዱን ከታጠፈም በኋላ እጇ እዚያው መስታወቱ ላይ ይቆያል።

ድሮም አንድ እግሩ እዚህ፣ አንድ እግሩ እዚያ የሆነ ሰው ነው። እዚያ ሳለ እዚህ ይናፍቀው ነበር፤ እዚህ ሲመጣ ደግሞ መመለሱን ይጠራጠር ጀመር። እዚያው የተማረበት አገር ያለ መሥሪያ ቤት «ና፣ ቦታ አለህ» ሲለው እሺም እምቢም አላለም። እዚሁ ሰፈር ለምትኖር እህቱ ብቻ ነገራት። መልስ የሚጠበቅበት ቀን ደረሰ፤ እኩለ ቀን ላይም መብራት ጠፋ።

እንደ ልማዱ መንገዱን ተሻገረ። ዛሬ ግን ሊሰናበታት ነበር። ሱቁ ደብዝዟል፤ ገንዳው ግን ያንጎራጉራል። ውሃው ከላይ እየተንቆረቆረ ይወርዳል፣ ዓሣዎቹ ዘና ብለው ይዋኛሉ። ልጅቷ እጇን አጣምራ ቆማለች።

«ሠራ?» አለ ድምፁ ቀጥኖ።

«ድሮም ይሠራል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ገመዷ ቀጠነች ካልክበት ማግስት። ራሴ አገናኘኋት። አጠገብህ ቁጢጥ ብዬ ሳይህ አልነበር?»

«ታዲያ እኔ በመጣሁ ቁጥር ፓምፑ ቆሞ…»

«መንገድ ስትሻገር ሳይህ ገመዷን ነቅዬ ጆጉን አነሣለሁ።»

ፊቱ ጋለ። «ገመዷ እኮ ቀጥና አልነበረም።»

«አውቃለሁ። መሐንዲስ ይህን ያህል አይሰንፍም።» ፈገግ ልትል ሞከረች፤ አልሆነላትም። «ዛሬ ያልነቀልኩት እህትህ ለአክስቴ ስለነገረቻቸው ነው። ልትሄድ ነው አሉ። ለዓሣ ብለህ እንዳትቀር። ብትሄድም አይሞቱም፤ ይኸው፣ እያቸው።»

ዓሣዎቹን አላያቸውም። «አንቺስ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ?» አለች ፊቷን ወደ ገንዳው መልሳ።

ሰበብ ፈለገ። የሚጠገን፣ የሚቀዳ፣ የሚፈተሽ ነገር አንድም አልቀረም።

«ልሰናበትሽ ነበር የመጣሁት» አለ። «እኔ እርግጠኛ የምሆንበት ነገር የለም። መቅረቴ ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም። መብራት ባለ ቀን ግን አይመሽልኝም። ይህችን ብቻ አውቃለሁ።»

ፊቷን ከገንዳው ወደ እሱ መለሰች።

«ነገ መብራት ባይጠፋስ?»

«እመጣለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«አንቺን ለማየት ብዬ።»

መጋረጃው ተነቃነቀ። «ወይ ጉድ» አሉ አክስቲቱ። «ይህችን ለማለት ነው ይህን ሁሉ ጊዜ ወለሌን በውሃ ያጨቀያችሁት?»

ልጅቷ ሳቀች፤ እየሳቀችም ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። እሱ ስልኩን አውጥቶ መልሱን ለሚጠብቁት ሰዎች ሊደውል ወደ ውጭ አመራ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ተመልሶ መጣና አጠገቧ ቆሞ ደወለ።